የባለሙያ ርስት
(ከሰቆጣ ገበያ እስከ ዓለም ገበያ)

በሬድዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ

ርስት የሚለው ቃል በአገራችን ምን ያህል ክብር እንደ ነበረው ለማንም የተሰወረ አይደለም። አንድ ገበሬ ስለ አንዲት ጥማድ መሬት ከምስለኔ ወደ ገዥ፥ ከገዥ ወደ ዙፋን ችሎት እየተመላለሰ ዕድሜውን ይጨርስ ነበር። አባቱንና አያቱን፥ ቅድመ አያቱንና ምንጅላቱን እየቈጠረ፥ ምስክር እየጠራ፥ ዋስ እየጠራ ይሟገት ነበር። ነገር ግን ያ ገበሬ የሚያርስበትን ማረሻ የቀጠቀጠው ብረት ሠሪ፥ የሚለብሰውን ጋቢ የሸመነው ሸማኔ፥ ስለ እጁ ጥበብ በዳኛ ፊት ቆሞ «ይህ ርስቴ ነው፤ ተነጠቅሁ» ብሎ የሚከራከርበት ሕግ አልነበረውም። መሬት ርስት ነበረ፤ ዕውቀት ግን ርስት አልነበረም።

ዛሬ ይህ ነገር ተለውጧል። የአእምሮ ሥራም እንደ መሬትና እንደ ቤት ባለቤት ያለው ሀብት መሆኑን ሕግ ያውቃል፤ ስሙም አእምሯዊ ንብረት ይባላል። ሆኖም ሕጉ መኖሩ አንድ ነገር ሲሆን በሕጉ መጠቀም ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ይህ የባለሙያ ርስት እንዴት እንደ ተገኘ፥ እንዴት እንደሚጠፋ፥ እንዴትም እንደሚጠበቅ ከታሪክ ምስክር እየጠራን ጥቂት ለመናገር እንወዳለን። መነሻችንም ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ስሙ የማይነሣው የዋግ ኽምራ ደጋና ዋና ከተማው ሰቆጣ ይሆናል።

ዋግ ጥንታዊ አገር ነው። የአገው ሕዝብና የኽምጣና ቋንቋ መኖሪያ ሲሆን ገዥዎቹም ዋግሹም ይባሉ ነበር። በታሪክ እንደሚነገረው የዛጉዬ መንግሥት ካለፈ በኋላ የዋግ ባላባቶች ልዩ ክብር ተጠብቆላቸው ኖሯል፤ ከዚህም ክብር አንዱ ዋግሹሙ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር መቀመጥ ነው ይባላል። ከዚሁ ቤት የወጡት ዋግሹም ጎበዜም አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዙፋን ተቀምጠዋል።

ይህን የምናነሣው ስለ መሳፍንት ለመተረክ አይደለም። ልብ ማለት የሚገባን ነገር ቢኖር ዋግሹም የሚለው ስም ባለቤት ያለው ስም መሆኑን ነው። ከዚያ ቤት ያልተወለደ፥ ሹመቱንም ያላገኘ ሰው ስሙን ይጠራበት ዘንድ፥ በብር ወንበሩም ይቀመጥ ዘንድ አይችልም ነበር። እንግዲህ ስም ሀብት መሆኑን፥ ምልክትም መብትን የሚያስረዳ መሆኑን የዋግ ሰው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ያውቅ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጥበቃ ለሹመት ስም እንጂ ለሥራ ስም አልተዳረሰም።

ለዚህም ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ከሰቆጣ አጠገብ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የዋግሹሞች አስከሬን በዚያ እንደሚገኝ ይነገራል፤ የእነርሱም ስም በታሪክ ይታወሳል። አለቱን በመሮ እየጠረቡ ምሰሶውንና ቅስቱን ያወጡት ጠቢባን ግን ስማቸው ከዘመናችን አልደረሰም። ሥራው ቀረ፤ ሠሪው ተረሳ።

ሁለተኛው ምስክራችን ገበያው ነው። ሰቆጣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢትዮጵያ ከታወቁት የአሞሌ ጨው ገበያዎች አንዱ ነበረ። ጨው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ከአርሆ እየተቈረጠ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ ከሰቆጣም አልፎ ወደ መካከለኛው አገር ይዘልቅ ነበር። አሞሌ በሚቈረጥበት ስፍራ ርካሽ ነበረ፤ ከዚያ እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው ይጨምራል። በጠራራ ፀሐይ ጨውን ከምድር የሚፈነቅለው ሰው ከሁሉ ያነሰውን ዋጋ ያገኝ ነበር። ይህ ልዩነት ከመንገዱ ርዝመትና ከቀረጡ ብዛት የተነሣ ነውና ብዙ አያስደንቅም። በኋላ ዘመን ግን ከመንገድም ከቀረጥም ይልቅ ትርፍን የሚያበዛ ሌላ ነገር መጣ፤ እርሱም ስም ነው። የአሞሌን ነገር በልባችሁ አኑሩልን፤ ወደ እርሱ እንመለስበታለን።

ስለ አእምሮ ሥራ ሕግ በማውጣት ቀዳሚዎቹ የአውሮፓ የንግድ ከተሞችና መንግሥታት ነበሩ። የቬኒስ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1474 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ አዲስ መሣሪያ ፈልስፎ ያስመዘገበ ሰው ለ10 ዓመት ያህል ሌላ ሰው ያለ ፈቃዱ እንዳይሠራበት ከለከለ። እንግሊዝ በ1624 ለአዲስ ፈጠራ የ14 ዓመት መብት ሰጠች፤ በ1710 ደግሞ የደራስያንን መብት የሚጠብቅ ሕግ በሥራ ላይ አዋለች። በ1883 በፓሪስ፥ በ1886 በበርን ከተማ የተደረጉት ስምምነቶች ነገሩን ከአንድ አገር ሕግነት ወደ መንግሥታት ስምምነት ከፍ አደረጉት። በእነዚህ ሁሉ ሕጎች ውስጥ ያለው አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ፈጣሪው ዕውቀቱን ደብቆ ከሚሞት ለሕዝብ ይግለጠው፥ ሕዝቡም በለውጡ ለተወሰነ ዘመን መብቱን ያክብርለት የሚል ነው።

በእኛ አገር ግን ከዚህ በፊት መደረግ የሚገባው ሌላ ነገር ነበር። ዕውቀት ሀብት ከመባሉ በፊት ዐዋቂው ሰው መሆኑ መታመን ነበረበትና። ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ቆዳ የሚያለፋው፥ ሸክላ የሚሠራው በሥራው ይሰደብ፥ ከማኅበርም ይገለል እንደ ነበረ የምናውቀው ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ይህ አዋጅ ስለ ፈጠራ መብት አንድ ቃል አይናገርም፤ ቢሆንም ለአእምሯዊ ንብረት ታሪካችን መግቢያ በር አድርገን ብንቈጥረው አንሳሳትም። የተሰደበ ሰው ሥራውን በስሙ አይጠራምና፤ በስሙ ያልጠራውንም ሥራ በዳኛ ፊት የእኔ ነው ለማለት አይደፍርም።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ በየደረጃው መጣ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሌላውን የንግድ ምልክት አስመስሎ መሥራትን በቅጣት ከለከለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1647ኛው እስከ 1674ኛው አንቀጽ የደራሲንና የሥነ ጥበብ ሰውን ባለቤትነት ደነገገ። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግም የነጋዴ ሀብት ዕቃውና መደብሩ ብቻ ሳይሆን የማይዳሰሰውም፥ ማለት መልካም ዝናው፥ የንግድ ስሙና የፈጠራ መብቱ ጭምር መሆኑን አስታወቀ። የፈጠራን፥ የአነስተኛ ፈጠራንና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍን መብት ራሱን ችሎ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 123 ግን በ1987 ዓ.ም. ወጣ። አገራችን በ1990 ዓ.ም. የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል ሆነች፤ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 320 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ከዚያም በ1996 የቅጂና የተዛማጅ መብቶች አዋጅ፥ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ምልክት አዋጅ ተከተሉ።

ከእነዚህ ውስጥ በተለይ ለአነስተኛ ባለሙያ የሚጠቅመውን ለይተን ብንናገር መልካም ነው። የ1987ቱ አዋጅ ለፈጠራ የ15 ዓመት መብት ይሰጣል፤ ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በሚገባ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨምርለታል። ለአነስተኛ ፈጠራ ደግሞ 5 ዓመት ሰጥቶ ሌላ 5 ዓመት እንዲታደስ ይፈቅዳል። አነስተኛ ፈጠራ ማለት የዓለምን ሊቃውንት የሚያስደንቅ መሆን የማያስፈልገው፥ አዲስና ለሥራ የሚውል ከሆነ የሚበቃው ነው። በቀፎ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር የጨመረ ንብ አርቢ፥ የወፍጮን ወይም የምጣድን አሠራር ያሻሻለ ወጣት በዚህ በር ሊገባ ይችላል። የንግድ ምልክትም ለ7 ዓመት ተመዝግቦ በየ7 ዓመቱ እየታደሰ ሊኖር እንደሚችል የ1998ቱ አዋጅ ደንግጓል፤ ስለዚህ በሚገባ የተጠበቀ ስም ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። እንግዲህ ርስት ማለት ይህ አይደለምን?

ክቡራን አድማጮች፤ አሁን ቀደም ብለን ወደ ተውነው ወደ አሞሌው ነገር እንመለስ። በጨው ንግድ ያየነው የዋጋ ልዩነት በቡና ንግድ እጅግ ሰፍቶ ታየ። ሲዳሞ፥ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚባሉት የቡና ስሞች በውጭ አገር የከበሩ ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኦክስፋም ድርጅት እንዳስታወቀው ከእነዚህ ቡናዎች አንዱ ፓውንድ በአሜሪካ መደብር እስከ 26 ዶላር ሲሸጥ ለገበሬው ይደርስ የነበረው ግን ከ1 ዶላር ብዙም የማይበልጥ ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው መርከቡና መቍያው ብቻ አይደለም፤ ገዢው ዋጋ የሚከፍለው ለስሙም ጭምር ነበረና። ስሙ የኢትዮጵያ ነው፤ የስሙ ዋጋ ግን የሌላ ሆነ።

መንግሥታችን በመጋቢት 1997 ዓ.ም. ሦስቱን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት መዝገብ ለማስመዝገብ አመለከተ። ነገሩ እንደ ታሰበው ቀላል አልሆነም። ስታርባክስ የተባለው የታወቀ የቡና ኩባንያ ሲዳሞ የሚለው ስም ያለበትን ምልክት አስቀድሞ አመልክቶ ተገኘ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበርም ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት መጠሪያዎች ስለ ሆኑ በአንድ ባለቤት ሊያዙ አይገባም ሲል ተቃወመ። በ1998 መጨረሻ ይርጋ ጨፌ ሲፈቀድ የሐረርና የሲዳሞ ማመልከቻዎች በመጀመሪያ ውድቅ ተደረጉ። ተቃዋሚዎቹ የኢትዮጵያ መንግሥት ከምልክት ባለቤትነት ይልቅ የቦታ ማረጋገጫ የሚባለውን መንገድ ቢከተል እንደሚሻል መከሩ። የጊዜው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ጌታቸው መንግሥቴና የሥራ ባልደረቦቻቸው ግን ቡናው በሚሊዮን በሚቈጠሩ ጥቃቅን ማሳዎች የሚለቀም ስለ ሆነ እያንዳንዱን ማሳ እየመረመሩ ማረጋገጥ ለገበሬው ወጪ እንጂ ትርፍ አያመጣም ሲሉ ተከራከሩ።

ክርክሩ በጋዜጣና በአደባባይ ብዙ ካነጋገረ በኋላ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ኩባንያውና ኢትዮጵያ ተስማሙ። ኩባንያው ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ተቀበለ፤ ሲዳሞም በየካቲት 2000 ዓ.ም. ተመዘገበ። በዚህ ስምምነት የሚደነቀው ነገር ኢትዮጵያ ለስሙ ኪራይ አለመጠየቋ ነው። ፈቃድ የወሰዱት ነጋዴዎች ገንዘብ ሳይከፍሉ በስሙ ሊሸጡ ይችላሉ፤ ነገር ግን ባለቤትዋን ዐውቀው፥ ስሙን አክብረው፥ ቡናውንም በስሙ አስተዋውቀው ነው። ርስተኛ ማለት ጎረቤቱን ከመንገድ የሚያባርር ማለት አይደለም፤ የመሬቱ ድንበር የታወቀለት ማለት ነው።

የቡናው ነገር በመልካም ቢፈጸም የጤፍ ነገር ግን ሌላ ትምህርት ሰጥቶናል። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. የአገራችን የብዝኀ ሕይወትና የእርሻ ምርምር መሥሪያ ቤቶች ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ዘር ስምምነት ተፈራረሙ። ኩባንያው በጤፍ ሲነግድ ከጥቅሙ ለኢትዮጵያ ሊያካፍል ቃል ገባ። ነገር ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ አስቀድሞ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሐምሌ 2003፥ ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት በኔዘርላንድ የፈጠራ መብት ማመልከቻ ገብቶ ነበር። በጥር 1999 ዓ.ም. የአውሮፓ መብት ተሰጠው። የተጠየቀውም መብት ጤፍ ከታጨደ በኋላ ጥቂት ሳምንት ተቀምጦ ሲፈጭ ዱቄቱ የተሻለ እንደሚሆን ከሚል አሳብ ጋር የተያያዘ ነበር። ጤፍን በጎተራ ለሚያኖር ገበሬ፥ እንጀራም ለምትጋግር እናት፥ ይህ ፈጠራ ነው ቢሏቸው ምን እንደሚመልሱ መገመት አያዳግትም።

ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ከሰረ፤ የፈጠራ መብቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ። ስምምነቱ ከከሠረው ኩባንያ ጋር ስለ ነበረ ኢትዮጵያ የምትጠይቀው አጣች። ነገሩን ያጠኑ የኖርዌይ ሊቃውንት እንደ ጻፉት ከዚያ ሁሉ ተስፋ ለአገራችን የገባው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ብቻ ነበር። በመጨረሻ መብቱን የያዘው ኩባንያ በሌላ የዱቄት ነጋዴ ላይ ክስ ሲያቀርብ የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም. በጤፍ ዱቄቱ አሠራር ውስጥ ፈጠራ ሊባል የሚገባ ነገር የለም ብሎ መብቱን በኔዘርላንድ ሰረዘው። ልብ በሉ፤ ክርክሩ የተደረገው በሁለት የውጭ አገር ነጋዴዎች መካከል ነበር። የጤፍ ባለቤት በችሎቱ ውስጥ አልነበረችም።

ከእነዚህ ከሁለቱ ታሪኮች የምንረዳው ነገር ግልጽ ነው። በቡናው ጊዜ መዝገብ ከፈትን፥ ተከራከርን፥ አገኘን። በጤፉ ጊዜ ግን የሌላው መዝገብ ከተከፈተ በኋላ ውል ፈረምን። ሕግ ለተኛ ሰው አይነቃለትም። ደግሞም ሁለተኛ ትምህርት አለው፤ የአባቶች የወል ዕውቀት የአንድ ሰው ፈጠራ ተብሎ ሊያዝ አይገባውም። አዲሱ ለፈጣሪው፥ ጥንታዊው ለማኅበሩ፤ ይህ ሚዛን ከተዛባ አእምሯዊ ንብረት የሚባለው ሕግ የባለሙያ ጋሻ መሆኑ ቀርቶ የነጣቂ ጦር ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የዘር ሀብትንና የማኅበረሰብን ዕውቀት ለመጠበቅ የታወጀው ስለዚህ ነው፤ የወጣው ግን የጤፉ ውል ከተፈረመ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሰቆጣ እንመለስ። የዋግ ደጋ ከክረምት በኋላ በአበባ ሲሸፈን ንቦቹ የሚያመጡት ነጭ ማር በገበያ ስም ያለው ማር ነው። ይህን ስም ያወጣለት መደብር ወይም ማስታወቂያ አይደለም፤ የአገሩ አበባና ቀፎውን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲጠብቅ የኖረው አናቢ ነው። እንግዲህ አንድ የከተማ ነጋዴ ስኳር የተቀላቀለበትን ማር በቆርቆሮ አድርጎ «የሰቆጣ ማር» ብሎ ቢሸጠው፥ የሚጐዳው ገዢው ብቻ አይደለም። ከገዢው በላይ የሚጐዳው በደጋው ያለው አናቢ ነው፤ ስሙ ከእጁ ተወስዷልና። እርሱ ግን መወሰዱን እንኳ አያውቅ ይሆናል።

የቦታ ስም ብቻውን ምልክት ለመሆን ሙግት እንደሚያስነሣ ከቡናው ታሪክ ተምረናል። ነገር ግን የ1998ቱ አዋጅ የአንድ ማኅበር አባላት በጋራ የሚሠሩበትን የወል ምልክት ያውቃል። አናቢዎች በማኅበር ተደራጅተው፥ የማራቸውን ንጽሕና የሚጠብቅ ደንብ አውጥተው፥ የራሳቸው የሆነ ምልክት ቢያስመዘግቡ፥ በስማቸው የሚነግድን ሰው «በምን መብትህ?» ብለው ሊጠይቁት ይችላሉ። ደንቡም እንደ ምዝገባው አስፈላጊ ነው። ማሩ ከከፋ ምልክቱ ዕዳ እንጂ ሀብት አይሆንምና።

የሰቆጣ ስም በሌላም ጉዳይ ተጠርቷል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን የምግብ እጥረት እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰየመ። ዋግ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ክፉኛ ከተጐዱት አገሮች አንዱ ስለ ነበረ ስያሜው ተገቢ ነው። ሆኖም የአንድ አገር ስም በችግሩ ብቻ እየተጠራ መኖር የለበትም። ድህነትን የሚያባርረው ርዳታ ብቻ አይደለም፤ ሰው በእጁ ሥራ ያገኘው ስም ዋጋው ወደ ራሱ ቤት ሲገባ ጭምር ነው።

ይህን ንግግር የሚሰሙ ብዙዎቹ በመሥሪያ ቤት የሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች መሆናቸውን እናውቃለን። ስለዚህ የመጨረሻው ቃላችን ለእነርሱ ነው። የቀድሞው ርስተኛ ምስክሩ ሽማግሌ ነበረ፤ የዛሬው ባለሙያ ምስክሩ መዝገብ ነው። መዝገቡን የሚከፍተው፥ ማመልከቻውን የሚመረምረው፥ ከውጭ ኩባንያ ጋር የሚደረገውን ውል ከመፈረሙ በፊት አንብቦ «ይህ ኩባንያ በሌላ አገር ምን አስመዝግቧል?» ብሎ የሚጠይቀው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሳይነበብ የሚያድር አንድ ፋይል አንድ ቀፎ፥ አንድ የሸማ ጥለት፥ ወይም አንድ የዘር ዓይነት ሊሆን ይችላል። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ባለሙያ በመስኮት ፊት ቆሞ ስለ ምዝገባ ሲጠይቅ «ነገ ተመለስ» ከማለት በፊት፥ ሰውየው የመጣው ርስቱን ለማስከበር መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል።

በዋግ የአለት ቤተ ክርስቲያን የፈለፈሉት ጠቢባን ስማቸው ሳይጻፍ አልፏል፤ ያንን ልንመልሰው አንችልም። ዛሬ በዚያው አገር በቀፎ፥ በሸክላ፥ በሸማና በብረት የሚደክሙት ሰዎች ስም ግን ገና ሊጻፍ ይቻላል። ብዕሩ በእጃችን ነው።